ሽቅብ ጀምሮ ቁልቁል መመለስ፦ ስለ አሮጌ የጀልባ ሞተር ሽርሽር መጠነኛ ጥናት

ይህ ጥናት የተነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ጤነኛ ሰው፣ ለዚያውም ጡረታው በወቅቱ የሚደርሰው፣ ቅዳሜ በማለዳ ተነሥቶ አያቱ የተጠቀሙበትን ሞተር ጀልባው ጭራ ላይ የሚያስረው የት ሊደርስ ነው? መልሱን እንዳናጓትት፦ የትም። ሽርሽሩ የሚታቀደው ለመድረስ ሳይሆን በወዳጅ ፊት፣ በክብር ለመበላሸት ነው።

የጥናቱ መስክ የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ናት። በልጅነቱ ከኖርዌይ የመጣው ኦሌ ኤቪንሩድ እ.ኤ.አ. በ1909 ሚልዋኪ ላይ ለገበያ ያወጣው ሞተር ጉልበቱ አንድ ፈረስ ተኩል፣ ክብደቱ 62 ፓውንድ፣ ዋጋው 62 ዶላር ነበር። ፓውንዱ በአንድ ዶላር፣ እንደ ሥጋ መሆኑ ነው። እንደሚተረከው፣ ኦሌ ለእጮኛው ለቤስ አይስክሬም ሊያመጣ ሐይቁን ቀዝፎ ተሻግሮ ሲመለስ አይስክሬሙ ቀልጦ ስለጠበቀው ነው ሞተር ያሰበው። ቤስ በኋላ ሚስቱ ሆነች፤ የንግዱንም ሥራ ያዘች። በጻፈችው ማስታወቂያም ሕዝቡ መቅዘፊያውን ወዲያ እንዲጥል መከረች። ይኸው መቶ ዓመት አለፈ፤ የዛሬ የኤቪንሩድ አፍቃሪ ሁለት መቅዘፊያ ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም።

ሽርሽሩ «ዘና ያለ» ነው ይባላል። መርሐ ግብር የለውም ማለት ነው፤ መርሐ ግብር እንደማይኖረው ለመስማማት ግን የወንዙ በረዶ እስኪቀልጥ ይመከራል። ፎክስ ወንዝ ተመረጠ እንበል። ፎክስ እንደ ዓባይ ወደ ሰሜን ይፈሳል። ከዊኔቤጎ ሐይቅ በታች ያሉት፣ ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚልባቸው የ19ኛው መቶ ዘመን የውኃ በሮች አብዛኞቹ ዛሬም በእጅ እየተዘወሩ ይከፈታሉ። ባለ ሞተሩ ከሞተሩ የሚያረጅ፣ ግን የሚሠራ ነገር አይቶ ይጽናናል።

ሕጉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሽቅብ። ሞተሩ ሲጠፋ ወንዙ ራሱ ሰውየውን መኪናውን ካቆመበት ይመልሰዋል። ቁልቁል የጀመረ ሰው ግን ሲመሽ ከማያውቀው ሰው ጓሮ ስልክ ይደውላል። (ጣና ላይ ያማሃ የታሰረበት ጀልባ ሰውን ገዳም ያደርሳል። እዚህ ሰውየው ነው ሞተሩን የሚያንሸራሽረው።)

ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይደባለቃል፦ ለአንዱ 16 ለ 1፣ እ.ኤ.አ. ለ1950ዎቹ ጆንሰን ሞተር 24 ለ 1። ክርክሩ ስለማያልቅ እዚህ አንገባበትም። አነሣሡ ግን በቅርብ መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. የ1920ዎቹ ሞተር ገመዱ ለብቻው ነው። ጫፉ ላይ ያለው ቋጠሮ ከሞተሩ አናት ባለው ክብ ብረት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ሁለት ሦስት ዙር ይጠመጠማል፤ ከዚያ በኃይል ይሳባል። ከኋላ የቆመ ሰው ክርን ይደርሰዋል። ብዙዎቹ ማርሽም ፍሪም የላቸውም፤ ተነሡ ማለት ሄዱ ማለት ነው። ስለዚህ ስንብቱ ገመዱ ሳይሳብ ያልቃል። አንድ ሰው ወዳጆቹን አምስት ጊዜ ተሰናብቶ እዚያው ሊገኝ ይችላል።

መሐል ወንዝ ላይ ሞተሩ ቀጥ ሲል ጀልባዎቹ ይሰበሰባሉ። «ደኅና ነህ ወይ?» የሚል የለም። «ካንዴላው ነው» ይላል አንዱ። «ፑንቲናው ነው» ይላል ሌላው። ሦስተኛው በመንግሥትና ቤንዚን ውስጥ በሚደባለቀው ኤታኖል ያመካኛል። ካንዴላው ተፈትቶ በየተራ ይሸተታል፦ ከረጠበ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ከደረቀ አልደረሰውም፤ እርጥብም ደረቅም ካልሆነ ምሳ ይበላል። ውልብልቢቱ ድንጋይ ሲመታ የውስጥ ጥርሶቹን ለማዳን የምትሰበር ትንሽ ፒን አለች። እሷን በኪሱ ሞልቶ የመጣ ሰው የዕለቱ ሹም ነው፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2020 ኤቪንሩድ መሥራት ካቆመ ወዲህ ደግሞ ሹመቱ ከፍ ብሏል።

የሚያሳዝነው ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ያልጠፋበት ነው። የሚጠጋው የለም፤ የሚያወራውም የለው። በጥሞና ስንከታተለው ሞተሩን ራሱ አጥፍቶ ካንዴላ ሲፈታ አይተነዋል።

«በአጋጣሚ» የተጋበዘ፣ አዲስ የጃፓን ሞተር ያለው ሰውም አይጠፋም። ስለ ሞተሩ የሚጠይቀው የለም፤ ማታ ግን ገመድ የሚወረወረው ለእሱ ነው። ተጎታቹ እጁን ከሞተሩ እጀታ አያነሣም፤ አንገቱንም አይደፋም። እንዲያውም ወደ ፊት ይጮኻል፦ «ቀስ በል እንጂ! ይህ ሞተር እኮ እንደዚህ ተነድቶ አያውቅም!»