መንገዱን ተዉት፣ ሞላውን ቀይሩ

በአዲስ አበባ ስለ መንገድ መጮህ ጊዜው ያለፈበት ልማድ ሆኗል። የሠለጠነ አሽከርካሪ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ «ይህን ማን ይደፍነዋል?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሶማሌ ተራ ወርዶ የሞላ ዋጋ ይጠይቃል። ቪትዝ ያለው ስፔሰር አስገብቶ መኪናውን ከመሬት ከፍ ያደርጋል። አይሱዙ ያለው ባሌስትራ ያስደርባል። ለረጅም ጉዞ የሚሆን ትልቅ ሞተር ሳይክል ያለው ደግሞ፣ የሞላ ቀያሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር እሱ ነውና፣ ፋብሪካው የገጠመለትን ሾክ አስፈትቶ በዘመድ ሻንጣ ከውጭ የመጣ ኦሊንስ የተባለ ወርቃማ የስዊድን ሾክ ያስገጥማል። ዋጋው ከሺህ ዶላር ያልፋል፤ በዚያ ገንዘብ ስንት ጉድጓድ ይደፈን ነበር ብሎ ማስላት ግን ነውር ነው። እንዲህ ያለው ዜጋ ሊሸለም ይገባዋል። ወረዳ ሄዶ ሰልፍ አያበዛም፣ ስብሰባ ላይ እጁን አያወጣም፣ ባለሥልጣን አያስቀይምም። የራሱን አስፋልት ከወንበሩ ሥር አንጠልጥሎ ይዞራል።

ይህ አሠራር እንዴት ያለ ጥበብ እንዳለው ለማየት ሾክ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይበቃል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ሞላው ይጨመቃል፣ ጉልበቱን ይይዛል፣ ከዚያ መልሶ ሊወረውር ይነሳል። ሞላ ብቻውን ቢሆን ሞተሩ እንደ ፍየል እየዘለለ ይሄድ ነበር። ሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት ግን በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ያንን ውርወራ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስለዚህ ጉድጓዱ የትም አልሄደም፤ ሙቀት ሆኖ የተነነው ምቱ ነው። ሞተረኛው ወገቡ ላይ ሊሰማው የነበረው ነገር ዘይቱን አሞቀውና ቀረ። የመሣሪያው ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፤ የሚያሞቀው የመንገዱን ምት ብቻ አይደለም፣ የባለቤቱንም ቁጣ ነው። ትናንት «ይህ መንገድ ነው?» ብሎ ያንባርቅ የነበረ ሰው ዛሬ «ምንም አይሰማኝም» እያለ ይኩራራል። ምንም የማይሰማው ዜጋ ከማግኘት በላይ ለመንገድ ሥራ ኃላፊ ምን ደስታ አለ?

ነገሩን የበለጠ የሚያሳምረው የሞተር ሳይክሉ ዕጣ ፈንታ ነው። የከተማዋ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም.፣ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር፣ ሞተር ሳይክሎች በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀሱ ማገዱ ይታወሳል፤ የተሰጠው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነበር። ስለዚህ የእኛ ሞተረኛ ለሊማሊሞ ጠመዝማዛና ለዓባይ በረሃ ቁልቁለት የተሠራውን ሾክ ከገጠመ በኋላ በመጀመሪያ የሚያልፈው ፈተና ድንጋይና አቧራ አይደለም፤ ወረቀት ነው። ለፈቃድ ደጅ ለመጥናት ደግሞ እስካሁን የትኛውም ፋብሪካ ሾክ አላመረተም።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገረኛ ተቃውሞ ይነሳል፤ በሽሙጥ የሚታለፍም አይደለም። «ጥሩ ሾክ ቅንጦት አይደለም፤ ጎማው መሬት ሳይለቅ እንዲሄድ የሚያደርገው እሱ ነው። ጎማ መሬት ካልነካ ፍሬንም መሪም የለም» ይላል ሞተረኛው። እውነቱን ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው ብቻውን ለሚነዳ መካከለኛ ክብደት ላለው ሰው ነው፤ ከኋላ ሰው፣ ከግራና ከቀኝ ሣጥን፣ ከላይ ድንኳን ሲጫንበት ሞላው ገና ከመነሻው ይሰምጣል፣ ጉድጓድ ሲመጣ የሚሰምጥበት ቦታ አይተርፈውም። ያረጀ ዘይትም ይቀጥናል፤ መቀየር አለበት። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ታዲያ የመጀመሪያው መድኃኒት ከስዊድን የሚመጣ አይደለም። ብዙ ሞተሮች ላይ የሞላውን ውጥረት የሚያስተካክል መዞሪያ አለ፤ ቁልፉም አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ጋር አብሮ የተሰጠ ነው። ነጂው ጭነቱን ጭኖ ሲቀመጥበት ሞላው ከሙሉ ጉዞው አንድ ሦስተኛ ገደማ እንዲሰምጥ አድርጎ ማስተካከል ሜትርና ሁለት ጓደኛ እንጂ ዶላር አይጠይቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ወርቃማውን ሾክ ከገዙት መካከል ያንን መዞሪያ አንድም ቀን ያልነኩት ጥቂት አይደሉም። ያልተስተካከለ ውድ ሾክ ከተስተካከለ ርካሽ ሾክ አይሻልም፤ የሚበልጠው በፎቶ ብቻ ነው።

ደኅንነትን ካነሳን ግን ጉድጓዱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ግድ ይላል። ለዚህ ጥያቄ ከቆሼ የተሻለ መምህር የለም። ከአየር ጤና ወደ ጀሞ በሚወስደው የቀለበት መንገድ ዳር ያለው ይህ ሰፈር የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረበት ነው። አስፋልትን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ውሃና ክብደት። ቆሼ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ወደ ቆሼ የደረሰው ቆሻሻ የደረሰው በከባድ መኪና ነው፤ በክረምት ደግሞ ዝናብ የጠጣ ቆሻሻ ከበጋው ይከብዳል። ወደ ቆሼ ያልደረሰው ቆሻሻ በበኩሉ በየመንገዱ ዳር ቱቦ ውስጥ ቀርቷል። ሐምሌ ላይ አንድ የታፈነ ቱቦ አፍ ላይ ቆሞ ማየት ነው፤ ፌስታሉ ከብረት ፍርግርጉ ላይ ይለጠፋል፣ በላዩ የሃይላንድ ጠርሙስና ጭቃ ይጋገርበታል፣ ጎርፉ መውረጃ ሲያጣ ወደ መንገዱ መሐል ይመለሳል። የተኛው ውሃ በስንጥቁ ሰርጎ ከአስፋልቱ ሥር ያለውን አፈር ያረጥበዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ከባድ ጎማ ያን ጭቃ በስንጥቁ ወደ ላይ ያስተፋዋል፤ ከሥሩ ባዶ የቀረው አስፋልት ይሰምጣል፣ ይፈረከሳል። መስከረም ላይ ሞተረኛው የሚመታው ጉድጓድ ሰኔ ላይ የተጣለ ፌስታል ነው። ስስ ፌስታልን የከለከለው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ አዋጁ ግን ወርቃማ ቀለም ስለሌለው የሚያስገጥመው አልተገኘም።

የክብደቱ ጉዳይ ደግሞ ከውሃው የባሰ አስቂኝ ነው፤ እዚህ ላይ የሞላ ማሻሻል እምነት ራሱን ይበላል። አሜሪካኖች ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ኢሊኖይ ውስጥ ኦታዋ ከተማ አጠገብ መንገድ ሠርተው የጭነት መኪና እያመላለሱበት አስፋልቱ እንዴት እንደሚበላሽ ለክተው ነበር። ያገኙት ውጤት እስከዛሬ የመንገድ መሐንዲስ መመሪያ ነው፤ ጉዳቱ የሚያድገው ከአክስሉ ክብደት ጋር እኩል ሳይሆን በክብደቱ አራተኛ ርቢ ገደማ ነው። በአማርኛ እናስላው፤ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ጭነት 20 በመቶ ሲጨምር መንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ ይሆናል፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ። ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለት አይሱዙ ባሌስትራ ሲደረብለት የሚሻሻለው ጭነት ሲበዛበት አለመስመጡ ብቻ ነው። አክስሉ ያው ነው፣ ፍሬኑ ያው ነው፣ አስፋልቱም ያው ነው። ሲሰምጥ «በቃኝ» ይል የነበረ መኪና አፉ ተዘጋ ማለት ነው። በዚሁ ሒሳብ ከተሄደ፣ ኋላው ላይ 200 ኪሎ የሚያርፍበት ሞተር ባለ 10 ቶን አክስል በአንድ ጉዞ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማድረስ ከ6 ሚሊዮን ጊዜ በላይ መመላለስ ይኖርበታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። የጭነት መኪናው ሞላ አስጨምሮ መንገዱን ይሰብራል፤ ሞተረኛው የተሰበረውን መንገድ ለማለፍ ሞላ ያስቀይራል፤ ሞላ ሻጩ ለሁለቱም ደረሰኝ ይጽፋል። የተሰበረው ባሌስትራ እንኳ አይጣልም፤ ከቀጥቃጭ እጅ ገብቶ ቢላና መጥረቢያ ይሆናል። በዚህ ዑደት ውስጥ ተመልሶ የማይሠራው መንገዱ ብቻ ነው።

የጭነት መኪናው ባለቤት መልስ አለው። «ሌላው 20 በመቶ አስበልጦ ሲጭን እኔ በልክ ብጭን ከገበያ እወጣለሁ» ይላል። ይህም እውነት ነው፤ ግን የሚያጠናክረው የእኔኑ ክርክር ነው። እያንዳንዱ በግሉ ባሌስትራ እየደረበ ሊያመልጠው ያልቻለውን የጭነት ፉክክር ሁሉንም እኩል የሚመዝን የክብደት ሚዛን ጣቢያ ያስቆመዋል። ሚዛኑ ሥራውን ከሠራ በልክ መጫን ሞኝነት መሆኑ ይቀራል፤ ሚዛኑ ካልሠራ ግን ባሌስትራ ያልደረበ ሁሉ የተታለለ ነው።

ሞተረኛው የሚያነሳው ከባድ ተቃውሞ ሌላ ነው። «እኔ መንገድ መሥራት አልችልም፤ የምችለው ሞተሬን ማስተካከል ነው። ታዲያ ወገቤ እስኪሰበር ልጠብቅ?» አይጠብቅ። ነገር ግን አንድ ነገር ያስታውስ፤ የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ከተቋቋመ ጀምሮ ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ለመንገድ ጥገና ይከፍላል። ሾኩን ሲገዛ ለአንድ ጉድጓድ ሁለተኛ ጊዜ መክፈሉ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያ ምን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አልበርት ሂርሽማን በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያነሳው የናይጄሪያ ባቡር ነገር ይኸው ነው። ባቡሩ መጥፎ ነበር፤ የጭነት መኪና ስለነበረ ግን አቅም ያላቸው ነጋዴዎች ትተውት ሄዱ። የሚሰማ ድምፅ የነበራቸው እነሱ ስለነበሩ ከሄዱ በኋላ ባቡሩን የሚያሻሽል ጩኸት ጠፋ። ባቡሩ ላይ የቀሩት መጮህ የማይሰማላቸው ናቸው። በእኛም ከተማ ወርቃማው ሾክ ሲገጠም ከመንገዱ ላይ የሚነሳው ጉድጓዱ አይደለም፤ ስልክ መደወልና ደብዳቤ መጻፍ የሚችለው ሰው ነው። የሚቀሩት ሚኒባስ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ፣ ልክ ከጎማው በላይ የተቀመጠችው ነፍሰ ጡርና ቆሻሻ በጋሪ የሚገፉት የሰፈር ማኅበር ልጆች ናቸው። ጋሪ ሾክ የለውም።

«መንገድ እስኪሠራ ዘመን ይፈጃል» የሚል ካለ የሞያሌን መንገድ ይመልከት። ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ በሞያሌ አቋርጦ በማርሳቢት ኢሲዮሎ የሚደርሰው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በመላው ዓለም ሞተረኞች ዘንድ የሾክ መቃብር ተብሎ የሚፈራ ነበር። የዚያን ዘመን ተጓዦች ከሁሉ በፊት የሚጠያየቁት የትኛው ሾክ እስከ መጨረሻው እንደሚደርስ ነበር። ዛሬ ያ ጥያቄ የለም። ጥያቄውን የፈታው ከስዊድንም ከጀርመንም የመጣ ሞላ አይደለም፤ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ተሠርቶ ያለቀ አስፋልት ነው። አስፋልቱ ደግሞ ለባለ ቢኤምደብሊው ሞተረኛ ብቻ ሳይሆን ከብት ለጫነውም፣ አምቡላንስ ለሚነዳውም እኩል ለሰለሰ። እስካሁን እንዲህ የሚያደርግ ሾክ አልተፈበረከም።

የከተማዋ አስተዳደርም «ትንሽ ቢጨመርበት ይችላል» ከሚለው ከባለ ባሌስትራው እምነት ነጻ አልነበረም። ለቆሼ ምትክ እንዲሆን ሰንዳፋ ላይ የተዘጋጀው የቆሻሻ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ከወራት በኋላ ቆመና የቆሻሻ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ፤ ክምሩም ትንሽ ይችላል እየተባለ ተጨመረበት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። በዚህ ላይ ሽሙጥ ቦታ የለውም፤ «ይችላል» እየተባለ ጭነት የሚጨመርበት ነገር አንድ ቀን እንደማይችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ሾኩን መቀየር የሚፈልግ ይቀይር፤ ማንም አይከለክለውም። በቅድሚያ ግን በቁልፉ ያስተካክል፣ ዘይቱን ያስቀይር፤ ከዚያ ሰኔ ሳይገባ የሰፈሩ ቱቦ እንዲጠረግ ወረዳውን ይወትውት፤ ባሌስትራ የሚያስደርበው ጎረቤቱም ሚዛን ላይ እንዲቆም ይጠይቅ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሾክ ይረክሳል፣ ለብዙ ሰው ይጠቅማል፣ ከአንድ ክረምትም በላይ ይቆያል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ የተጠረገ ቱቦ አጠገብ ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ሰው የለም።