አያ ዝንጀሮና የእመት ሚዳቋ ክስ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ቡናና ጌሾ በሚበቅልበት በዘጌ ጫካ የሚኖሩ አራዊት የጣናን ሐይቅ የሚሻገሩት በአያ ዝንጀሮ ታንኳ ነበር። አያ ዝንጀሮ ክንደ ብርቱ፣ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ግን ጠላ ይወዳል። በገበያ ቀን ደግሞ አረቄ ይደርብበታል። ተሳፋሪዎቹም «ሲቀምስ ነው የሚበረታው» እያሉ ይቀዱለታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ታንኳ ከደንገል የሚሠራ ነውና ማታ ማታ ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ይከብዳል። አያ ዝንጀሮ ግን ሰክሮ ውሃው ላይ ትቶት አድሯል። ማዕበሉ ሲመጣ አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ ማዞር ሲገባው ጎኑን ሰጠው፤ ታንኳው ተገለበጠ። እሱ ደንገሉን ይዞ ወጣ። የእመት ሚዳቋ ግልገል አልወጣችም።

ጉማሬ ዳኛ ሆኖ ሸንጎ ተቀመጠ። ጅብና ከርከሮ ሸመገሉ፤ አያ ዝንጀሮ አሥር ቁና ቡና ካሰ፤ እርቅ ወረደ። በሳምንቱ ጣሳውን ይዞ ታንኳው ላይ ወጣ።

ተረቱን እዚህ ላይ ለአፍታ ላቁመው። የእኛም ሽምግልና ብዙ ጊዜ ካሳ ላይ ይቆማል። ካሳ ሐዘንተኛን ይደግፍ ይሆናል፤ ጥፋተኛውን ግን አያስተምርም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት በደሙ ውስጥ 0.08 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ አልኮል ይዞ ጀልባ መንዳት ወንጀል ነው። የተፈረደበት ሰው ከቅጣቱ ሌላ በራሱ ወጪ የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ይማራል፤ መጨረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ሳያቀርብም ጀልባ መንዳት አይፈቀድለትም። ትክክለኛ ሕግ ነው እላለሁ።

ወደ ተረቱ ልመለስ። እመት ሚዳቋ ሸንጎውን መልሳ ጠራች። «ቡናችሁን ውሰዱልኝ» አለች። «ልጄ ለምን እንደሞተች ያልገባው ነገ የሌላዋን ልጅ ይጭናል።»

ይህን ጊዜ ውሃውንም የብሱንም የሚያውቀው አርጃኖ ተነሣ። «አያ ዝንጀሮ፣ ጠላው የብስ ላይ ከሚያሰክርህ ይልቅ ውሃ ላይ ይብስብሃል። ፀሐዩ፣ ነፋሱና ውዝዋዜው ብቻቸውን ያደክሙሃል፤ መጠጡ ይጨመርበታል። ሰክሮ ውሃ ውስጥ የወደቀ ደግሞ ላይና ታቹ ሊምታታበት ይችላል፤ ወደ ላይ የወጣ እየመሰለው ወደ ታች ሊዋኝ ይችላል።» ከዚያ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞረ። «የሰከረ ተሳፋሪም ይወድቃል፤ ሲንገዳገድ ታንኳውን ይገለብጣል። እናንተም የቀዳችሁለት ናችሁ።»

ከርከሮ «እርቁ ይፈርሳል?» ሲል አጉረመረመ።

ጉማሬም ፈረደ፦ «እርቁ አይፈርስም፤ ካሳውም ለእመት ሚዳቋ ነው። መቅዘፊያው ግን እኔ ዘንድ ይቀመጣል። አያ ዝንጀሮ ከአርጃኖ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ የተማረውን በእመት ሚዳቋ ፊት ቆሞ እስኪናገር ድረስ ታንኳ አይነካም። ጠላ የቀዱለትም ሁሉ አብረውት ይማራሉ።»