በሻጭ እጅ አንጋፋ፣ በገዢ እጅ ጥፋተኛ

ለ፦ የጀርመን የሕንፃ ኃይል ሕግ
በርሊን

ጉዳዩ፦ የቦይለር ጡረታን ይመለከታል

ክቡር ሕግ ሆይ፣

አዲስ አበባ ላይ ቦይለር ሲባል ሰው ትዝ የሚለው መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የውኃ ማሞቂያ ነው። በእርስዎ አገር ግን ቦይለር ምድር ቤት ተቀምጦ፣ ዘይት ወይም ጋዝ እያነደደ፣ በብርዱ ወራት ቤቱን በሙሉ የሚያሞቅ የቤተሰብ አባት ነው። አባት ነውና የጡረታ ዕድሜም ቆርጠውለታል፦ 30 ዓመት።

ጡረታው ሁሉንም አይነካም። ከጭሱ ጋር የሚያመልጠውን ሙቀት መልሶ የሚጠቀመውና የውኃውን ሙቀት እንደ ብርዱ መጠን ዝቅ ከፍ የሚያደርገው ነፃ ናቸው። የሚሰናበተው፣ ውጭ በረደም ሞቀ ውኃውን እኩል አሙቆ የሚጠብቀው ነዳጅ አባካኝ ነው። እስከዚህ ድረስ ማን ይከራከራል?

ነገሩ የሚጣመመው የቤቱ ባለቤት ማን ነው ሲባል ነው።

አንዲት አሮጊት በ1988 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ቦይለር አስገቡ እንበል። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2002 በዚያው ባለ አንድ ቤተሰብ ቤት ይኖሩ ስለነበር፣ ቦይለሩ 30 ዓመት ቢያልፈውም የሚነካው የለም። ኋላ ላይ ቤቱን ባልና ሚስት ይገዛሉ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዲሉ፣ የአፕል ዛፉን አይተው ምድር ቤቱን አላዩም። ስሙ በመሬት መዝገብ ሲዞር ያው ብረት፣ ያው ነበልባል፣ ያው ጭስ በ2 ዓመት ውስጥ መነሣት ያለበት ጥፋተኛ ይሆናል። አንድ ብሎን እንኳ አልተለወጠበትም፤ የተለወጠው ፎቅ ላይ የሚተኛው ሰው ነው። ቤቱን በውርስ ቢያገኙትም ያው ነው።

ፍርዱ መፈጸሙን የሚያየው የወረዳው ጭስ ማውጫ ጠራጊ ነው። በጀርመን ጥቁር የለበሰ ጭስ ማውጫ ጠራጊ መንገድ ላይ ማየት የመልካም ዕድል ምልክት ነው ይባላል። ምድር ቤት ወርዶ የቦይለሩን የምርት ዓመት ሲያነብ ማየት ግን ሌላ ነው።

ደግነትዎም አይካድም። ከ2024 ጀምሮ ኬኤፍደብሊው የተባለው የመንግሥት ባንክ ወደ ሙቀት ፓምፕ ለሚዞር ሰው 30 በመቶ ይደጉማል። ቶሎ ለቀየረ 20 በመቶ፣ ግብር የሚከፈልበት የቤተሰብ ገቢው በዓመት ከ40,000 ዩሮ ላልበለጠ ደግሞ ሌላ 30 በመቶ ይጨምራል። አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ 80 ብሎ ይደምረዋል፤ የእርስዎ ሒሳብ ግን 70 ላይ ይቆማል። ያም የሚታሰበው ለአንድ ቤት እስከ 30,000 ዩሮ ባለው ወጪ ላይ ስለሆነ፣ ትልቁ ድጎማ 21,000 ዩሮ ነው። ማመልከቻው ከሥራው በፊት ይገባል፤ ገንዘቡ ከሥራው በኋላ ይመጣል። በመካከሉ ያለውን ክፍያ የሚሸፍነው፣ ቤቱን ለመግዛት ኪሱን ያራገፈው ሰው ነው።

ቶሎ ለቀየረ የሚሰጠው የ20 በመቶ ጉርሻ ደግሞ የራሱ ቀልድ አለው። ጉርሻው የሚሰጠው አሮጌው ማሞቂያ እየሠራ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስቱ እንዲሰናበት የተፈረደበትን ሽማግሌ፣ ወረቀቱ እስኪገባ ድረስ ነፍሱ እንዳትወጣ ሌት ተቀን ያስታምሙታል።

ቤት አዳሽ ባለሙያ የሚመክረው ቅደም ተከተል ይታወቃል፦ መጀመሪያ ጣሪያው፣ ግድግዳውና መስኮቱ ሙቀት እንዳያስመልጡ ይደረጋል፤ ከዚያ በቀረው ፍላጎት ልክ ፓምፑ ይመረጣል። ቤቱ ሳይታሸግ የተገዛ ፓምፕ፣ ልጁ ከመወለዱ በፊት እንደተሰፋ ሱሪ ነው። የእርስዎ 2 ዓመት ግን ጣሪያውም ግድግዳውም የት እንደደረሱ አይጠይቅም፤ የሚቆጥረው ለቦይለሩ ብቻ ነው።

በሴፕቴምበር 2023 ምክር ቤቱ ማሻሻያዎን ሲያጸድቅ አገሩ ሁሉ ስለ አዳዲስ ማሞቂያዎች ይጮህ ነበር። የ30 ዓመቱ ድንጋጌ ግን ከዚያ በፊትም ነበር፤ ጩኸቱን ጥግ ይዞ አዳመጠ። በ2025 የመጣው ጥምር መንግሥት ደግሞ ያንን ማሻሻያ ማለቱ ነው፣ ‹‹የማሞቂያ ሕጉን እንሽራለን›› ብሎ በስምምነቱ ጻፈ። ባልና ሚስቱ ያንን ሲያነቡ ምድር ቤት ወርደው ቦይለሩን ጆሯቸውን ጥለው አዳመጡት። ገና ያንጎራጉራል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለወረዳው ጭስ ማውጫ ጠራጊ
ለቀድሞዋ ባለቤት (ለመረጃ ያህል፤ እርሳቸውን አይመለከትም)
ለምድር ቤቱ ቦይለር (ማመልከቻው እስኪገባ እንዳይሞት)