ቀዩ ሰውዬ

ከበርሊን ከተመለስኩ አራት ወር ሊሞላኝ ነው። ሻንጣው ተፈቷል፣ ቸኮላቱን ጎረቤት ተካፍሎታል፣ የተረፈችኝም ዩሮ ተመንዝራ አልቃለች። አንዲት አሮጊት ግን እስካሁን ጭንቅላቴ ውስጥ ቆማ ትቆጣኛለች። (ዕድሜዋ አንቱ የሚያስብል ነው፤ ግን አንቱ ለማለት ንዴቴ ገና አልበረደም።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከታላቅ እህቴ ጋር ቬዲንግ ወደሚባለው ሰፈሯ እየገባን ነው። የምንሻገራት መንገድ ከግቢ በር ሰፋ ብትል ነው። በግራ መኪና የለም። በቀኝ መኪና የለም። ድመት እንኳ የለም። መብራቱ ላይ ግን አንድ ባለ ባርኔጣ ቀይ ሰውዬ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቆሟል፤ እህቴም ወንጌል ሲነበብ እንደሚቆም ሰው ፊት ለፊቱ ቀጥ ብላለች። እኔ አዲስ አበባ ያሳደገችኝ ሰው ነኝ። ተሻገርኩ።

ማዶ ላይ አጭር ውሻ የምታናፍስ አሮጊት ነበረች። ጣቷን ቀስራ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ለቀቀችብኝ። እህቴ ከወዲያኛው ዳር ሆና (አሁንም ቀይ ስለሆነ አልተንቀሳቀሰችም) አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀችልኝ።

«ምን አለችኝ?» አልኳት፣ አረንጓዴ በርቶላት ስትደርስ።

«ልጆቹን አታስብም ወይ፣ አንተን አይተው ቢሻገሩስ ነው ያለችህ።»

ዞር ብዬ አየሁ። «የትኛው ልጅ ነው ያየኝ?»

«ሊያይህ ይችል የነበረው።»

እህቴ ሳታስጠነቅቀኝ ቀርታ አይደለም። ከመሳፈሬ በፊት በቴሌግራም 22 የድምፅ መልእክት ልካልኛለች። ፖሊስ 110፣ እሳትና አምቡላንስ 112፤ ይኼን በአንድ ትንፋሽ ጨርሳዋለች። እሑድ ቤት በማሽን አይጠረግም፣ ግድግዳ አይበሳም፤ ሱቁም ስለሚዘጋ ስኳርህን ቅዳሜ ግዛ። የብስክሌት መንገድ ላይ እንዳትቆም፣ ደወል አይደለም የሚጠብቅህ ስድብ ነው። የልደት መልካም ምኞት ከቀኑ በፊት አይነገርም፣ ገደ ቢስ ነው፤ ይህን የምትነግረው ለበዓል «እንኳን አደረሰህ»ን ከሳምንት ቀድሞ ለሚጀምር ሕዝብ ነው! ብርጭቆ ስታጋጭ ደግሞ የሰውዬውን ዓይን ዓይኑን እይ፤ ካላየህ ሰባት ዓመት የመኝታ ቤት መዓት ይከተልሃል። እኔ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኔን ስሰብር ያደግኩ ነኝ፤ በዚህ ሂሳብ ቅጣቴ ከዕድሜዬ ይበልጣል።

አሥራ አራተኛው መልእክት ስለ ቡና ነበር። ኮርኒሱ ላይ ያለችው ክብ ነገር ጭስ ካሸተተች ጩኸቷ ሕንፃውን ሁሉ ያስወጣል፤ ስለዚህ ዕጣኑን መስኮት ከፍተሽ ነው፣ ቆሎውን ግን... እያለች እህቴ ራሷ ከወንድ ወደ ሴት አንቀጽ ትገባለች። ለእኔ ሳይሆን ለራሷ እንደምትመክር የገባኝ ያኔ ነው።

ወደ ቀዩ ሰውዬ ልመለስ። አልተወኝም። በማግስቱ የቅጣቱን ልክ አጣራሁ፤ እግረኛ በቀይ ቢሻገር 5 ዩሮ፣ በዚያ ሰበብ አደጋ ከደረሰ 10። «በየመሻገሪያው 5 ዩሮ ከፍዬ ልሂድ» ብላት እህቴ ሳቀችና፣ ገንዘቡ አይደለም አለች። ገንዘቡ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፤ ለገንዘቡማ ቢሆን አሮጊቷ ደረሰኝ ትሰጠኝ ነበር።

ከዚያ የሰውዬውን የትውልድ ሐረግ መቁጠር ጀመርኩ። ሰውዬው የምሥራቅ ጀርመን ተወላጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የነደፈው ካርል ፔግላው የተባለ የትራፊክ ሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ባርኔጣ የደፋበት፣ ወፈር ወፈር ያደረገው፣ ልጅም ሽማግሌም ወዶት እንዲታዘዘው ብሎ ነው። በ1990 አገሪቱ ስትዋሃድ የምሥራቁ ዕቃ ሁሉ ሲነቃቀል እሱም እንዲነሳ ተወስኖበት ነበር፤ ሕዝቡ ግን «ሰውዬአችንን አትንኩብን» ብሎ ተነሳ። ግንቡ ፈረሰ፣ መንግሥቱ ፈረሰ፣ ባለ ባርኔጣው ቀረ። ጭራሽ ወደ ምዕራቡ ሰፈር ተሻግሮ ዛሬ በኩባያና በቲሸርት ላይ ይሸጣል። (ሲሻገር አረንጓዴ ይጠብቅ አይጠብቅ እንጃ።) የቅድመ አያቴን የትውልድ ዓመት አላውቅም፤ የአንድ አምፖል ግን ይኸው በቃሌ ይዣለሁ።

እኛ ጋ መሻገር በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ድርድር ነው። የሚኒባሱን ሾፌር ዓይን ዓይኑን ታየዋለህ (የዓይኑ ትምህርት እዚህ ይሠራል)፣ እጅህን ከፍ ታደርጋለህ፣ በልብህ «እመቤቴ» ትላለህ፣ ትገባለህ። ዜብራ ላይ መሆንህ የሚጠቅመው ከተገጨህ በኋላ ለክርክር ነው። እህቴም በዚህ ትምህርት ቤት ያለፈች ናት፤ መርካቶ በርበሬ ተራ ኩንታል ከተሸከመ ወዛደር ጋር እየተጋፋች ያደገች ልጅ፣ ዛሬ ባዶ መንገድ ዳር አምፖል ፊት ቆማ ታዛጋለች። ምን አድርገዋት ነው?

ምን እንዳደረጓት የገባኝ ሌላ ከተማ ልንጎበኝ በሄድን ጊዜ ነው። የከተማዋን ስም ልተወው። ትራም ተሳፈርን። ትኬቴን ገዝቻለሁ፣ በመልእክት ቁጥር ዘጠኝ መሠረት ማሽኑ አፍ ውስጥ ከትቼ አስመትቻለሁ። እንደማንኛውም ተሳፋሪ የለበሱ ሁለት ሰዎች ድንገት መታወቂያ መዘዙ፤ ተቆጣጣሪዎች ናቸው። ፉርጎው ሙሉ ነው። በበሩ በኩል የተቀመጡትን ሁሉ አልፈው፣ አልፈው፣ አልፈው እኔ ጋ ቆሙ። ትኬቴን በፊቱም በጀርባውም አዩት፣ ፎርጅድ ብር እንደጠረጠረ ባለሱቅ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። መለሱልኝ። ከዚያ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረዱ። አጠገቤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ጭንቅላቱን የሚወዘውዘውን ወጣት አልጠየቁትም። ማንንም አልጠየቁም። ያለ ትኬት የተገኘ ሰው 60 ዩሮ ይቀጣል፤ ድርጊቱንም ጀርመኖች «ሽቫርትስፋረን» ይሉታል። ቃል በቃል «ጥቁር መሳፈር» ማለት ነው። ቃሉ ከቆዳ ጋር አይገናኝም ይላሉ። ይሁን፣ አይገናኝ። እኔን ግን አገናኙኝ።

22 መልእክት! ስለ ጠርሙስ አለበት፣ ስለ ቫኪዩም አለበት፣ ስለ ኮርኒስ አለበት። ይኼ የለበትም። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩ፤ ትራም ውስጥ መጮህም በመልእክት ሦስት የተከለከለ ነው።

እህቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «እሱማ ምን ምክር አለው?» አለችኝ።

ማታ ሻይ አፍልታ ስለ አንድ ፊልም አጫወተችኝ። በዚያው ቃል «ሽቫርትስፋረር» የሚባል አጭር ፊልም ነው፤ ፔፔ ዳንክቫርት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1994 ኦስካር ወስዷል። ትራም ውስጥ አንዲት አሮጊት አጠገቧ የተቀመጠውን ጥቁር ወጣት ስትሰድበው፣ ስትሰድበው ትቆያለች፤ ተቆጣጣሪው ብቅ ሲል ልጁ ትኬቷን መንጭቆ አፉ ውስጥ ከትቶ ይውጠዋል። «በላብኝ!» ብትል ማን ይመናት? እስክናነባ ሳቅን። የኔዋ አሮጊት ግን ትራም ውስጥ አልነበረችም፤ ትኬትም አልያዘችም፤ ምኗን ልብላባት?

ባለፈው ሰሞን እዚህ አዲስ አበባ፣ የኮሪደር ልማቱ ያመጣው አዲስ የእግረኛ መብራት ቀይ ሲሆንብኝ ቆምኩ። ወድጄ አይደለም፤ እግሬ ነው የቆመው። ከኋላዬ የነበረ ጎረምሳ አልፎኝ ከተሻገረ በኋላ ዞሮ «ፋዘር፣ አመመህ እንዴ?» አለኝ። ልጆች እያዩህ ነው ልለው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ቅድም ከእህቴ መልእክቶች ውስጥ ጠርሙስ ስል አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር። በርሊን የውኃ ፕላስቲክ ስትገዛ 25 ሳንቲም ያስይዙሃል፤ ባዶውን መልሰህ ለማሽን ስታጎርሰው ነው የምትቀበለው። «እንዳትጥል!» የሚለው ምክር እንዴት እንደሰረፀብኝ እንጃ፣ ሦስት ባዶ ሃይላንድ ሻንጣዬ ውስጥ ይዤ ቦሌ ወረድኩ። እናቴ ወሰደቻቸው። አንዱ ፀበል ይዟል፣ አንዱ የኑግ ዘይት። ሦስተኛውን ባለፈው ሳምንት ቆራሌው በበር ሲያልፍ ልትሰጠው ስትል፣ «እማዬ ቆይ፣ እሱ 25 ሳንቲም ያወጣል» ብዬ ከእጇ ቀማኋት።

«የብር ነው የዩሮ?»

«የዩሮ።»

መልሳ ጓዳ አስገባችው።