የማይነሳ ሆንዳ እና የበረዶ ወራት፦ ለጥገና ሳይንስ የቀረበ መጠነኛ አስተዋጽኦ

በሚኒያፖሊስ ከቤቶቹ ጀርባ በሚያልፉት ቀጫጭን መንገዶች ዳር የተደረደሩት ጋራዦች ለመኪና እንደተሠሩ ይታመናል። ይህ እምነት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ በሁሉም ላይ አይሠራም። በአንዳንዶቹ መኪናው ውጭ ያድራል፤ ውስጥ የሚያድረው ቦሎው ካለፈ ዘመናት ያስቆጠረ፣ ባትሪ አልባ፣ ግማሽ አካሉ ካርቶን ላይ የተዘረረ አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። የምትነሳው ቶዮታ በረዶ ለብሳ ስታድር፣ የማይነሳው ሆንዳ ማሞቂያ ተለኩሶለት የሚያድርበትን ምክንያት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ጥናቱ የተካሄደው በአንድ ተጠኚ ላይ ነው። ናሙናው አነሰ የሚሉ ይኖራሉ፤ ተጠኚው ጋራዡ ውስጥ ሲያወራ የሰማ ግን ሁለተኛ ሰው አይመኝም። ትውልዱ ባሕር ዳር፣ መኖሪያው ደቡብ ሚኒያፖሊስ፣ ዕድሜው ሰው ስለ ኮሌስትሮል መጨነቅ የሚጀምርበት ነው። ስሙን በምርምር ሥነ ምግባር መሠረት ደብቀነዋል። ባለቤቱ ረቂቁን ስታነብ ከሁለተኛው አንቀጽ አላለፈችም፤ ለይታዋለች።

የምርምሩ ቁስ ሆንዳ ሲቢ 750 ነው። ይህ ሞዴል እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1969 ሲወጣ (ዘመኖቹ ከዚህ በኋላም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) አራት ሲሊንደርና የፊት ዲስክ ፍሬን አንድ ላይ ይዞ ለተራው ገዢ በመቅረቡ የእንግሊዝ ሞተር ሠሪዎችን እንቅልፍ ነስቶ ነበር። የእኛው ናሙና ከዚያ ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ የተሠራ ሲሆን፣ የተገኘው ከከተማው ራቅ ብሎ ከአንድ ገበሬ መጋዘን፣ ከድርቆሽ ሥር ነው። ሻጩ «ያቆምኩት ጊዜ ይነሳ ነበር» ብለዋል። ይህን የማይል የአሮጌ ሞተር ሻጭ የለም። ሊስተባበልም አይችልም፤ የሞተ ሁሉ ከመሞቱ በፊት በሕይወት ነበር።

የአየር ንብረቱን በአጭሩ እንለፈው፤ ያላየው አያምነውም፣ ያየው ሊያወራበት አይፈልግም። በ1991 የኦክቶበር የመጨረሻ ቀን፣ ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ ሊለምኑ በወጡበት ዕለት የጀመረው በረዶ፣ እስኪያባራ ድረስ በመንትዮቹ ከተሞች በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል 72 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ደግሞ ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሆና ስታነጋ የአሜሪካ ፖስታ ቤት በሚኒሶታ ማደሉን ለዕለቱ አቁሟል። ሌላው ሰው እንዲህ ያለውን ቀን በጭንቀት ያስታውሰዋል። ሞተር ለሚጠግን ሰው ግን ቀኑ የጸጋ ቀን ነው፤ ያልመጣ ጓርኒሲዮን ያልተሠራውን ሥራ ሁሉ ይሸፍናል።

ይልቅ ትኩረት የሚሻው የማዘጋጃ ቤቱ ደንብ ነው። ከባድ በረዶ ሲጥል ከተማው «ስኖው ኢመርጀንሲ» ያውጃል። በመጀመሪያው ሌሊት በተመረጡት ዋና ዋና መንገዶች ግራም ቀኝም ማቆም ክልክል ነው፤ በማግስቱ በሌሎቹ መንገዶች የቤት ቁጥሩ ሙሉ በሆነበት ወገን፣ በሦስተኛው ቀን ጎዶሎ በሆነበት ወገን። ያልታዘዘ ሰው መኪናውን ከከተማው ግቢ ገንዘብ ከፍሎ ያወጣል። ባሕረ ሐሳብን ተምሮ የማያውቅ ቤተሰብ ጋራዡን ሞተር ከያዘበት ወዲህ የሙሉና የጎዶሎን ቀመር በቃሉ ይወጣዋል። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቶዮታዋን መስታወት የምትፍቀው የተጠኚው ባለቤት ናት። ተጠኚው ለዚህ ሳይንሳዊ ማስረጃ አለው፦ ሳልባትዮው ላይ የተረጨው ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በአግባቡ አይደርቅም፤ ይህም በጣሳው ላይ ተጽፏል። በባለቤቱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

ጋራዡ በሚሞቅበት ጊዜም ቢሆን ከጋራዥ ወደ ቤት የሚደረግ ፍልሰት ይታያል። ቀድሞ የገባው ባትሪው ነው፤ ቻርጅ ያልተደረገ ባትሪ በብርድ ይረጋል፣ ሣጥኑም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል። ቀጥለው አራቱ ካርቡራተሮች ገቡ። ለዓመታት የቆመ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጦ ጥቃቅኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ የዘርፉ ሰዎች ለዚህ ከሚያዙት መድኃኒት አንዱ በሎሚ ጭማቂ መቀቀል ነው። የተቀቀሉበት ድስት የዶሮ ወጥ ድስት ነበር። ዝገት የበላው ሳልባትዮ ደግሞ አቼቶ ተሞልቶበት፣ ዳዶ ተጨምሮበት፣ ቀን በቀን እየተናጠ ሰነበተ። ዘዴው ይሠራል፤ አሲዱ ዝገቱን ያለሰልሳል፣ ዳዶው ይፍቀዋል። ሥራው ከጾመ ነቢያት ጋር መግጠሙ ብቻ አልታሰበበትም፤ ቤተሰቡ ጾሙን ሰላጣ ያለ አቼቶ ፈጸመ።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት እንለፍ። ንጽጽሩ የተደረገው ከተጠኚው የትውልድ ከተማ ጋር ነው። ባሕር ዳር ላይ አንድ የግብርና ባለሙያ ያማሃውን እየገፋ መንገድ ዳር ወዳለ መካኒክ ይመጣል። ነገ ቀበሌ መድረስ አለበት፤ ሌላ መሄጃ የለውም። መካኒኩ አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ ጥቂት ቁልፎች፣ ቁራጭ ሽቦና ያረጀ ካላማዳሪ አለው። ጓርኒሲዮን ከጠፋ ከካርቶን ይቆርጣል። ቡናው በረካ ሳይደርስ ሞተሩ ይነሳል። ባለሙያውም ሒሳቡን ተከራክሮ ይሄዳል።

ደቡብ ሚኒያፖሊስ ላይ ያለው ጋራዥ በግድግዳው ሙሉ መሣሪያ ተሰቅሎበታል። የብሎንን ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ አለ። የጃፓን ካቻቪቴ ለብቻው አለ፤ የጃፓኑ መስቀለኛ ብሎን ከአሜሪካኑ ጋር ለዓይን አንድ ቢመስልም ጫፉ አይገጥምም፣ በአሜሪካኑ የተፈታ ብሎን ጭንቅላቱ ይበላል። (ይህ እውነት ነው። አሮጌ ሆንዳ የገዛ ሁሉ ይህን የሚያውቀው ጭንቅላታቸው ከተበላ ብሎኖች ነው።) የአራቱን ካርቡራተሮች ትንፋሽ እኩል የሚያደርግ አራት ዓይን ያለው መለኪያ አለ። ሞተሩ ግን የለም፤ ያሉት ክፍሎቹ ናቸው።

ከዚህ የሚከተለውን ሕግ አውጥተናል፦ የጥገና ፍጥነት ከሞተሩ ባለቤት ችግር ጋር ቀጥተኛ፣ ከመሣሪያው ብዛት ጋር ተገላቢጦሽ ዝምድና አለው። ችግሩ ዜሮ ሲሆን የጥገናው ጊዜ መጨረሻ ያጣል። ተጠኚው ወደ ሥራ የምታደርሰው ቶዮታ አለችው። ስለዚህ ቶዮታዋ የሆንዳው ጥገና ዋና እንቅፋት መሆኗ በስሌት ተረጋግጧል፤ ውጭ ማደሯም ከዚህ አንጻር ቅጣት ሊሆን ይችላል።

በዘርፉ የቀደመ ሥራ አልጠፋም። ሮበርት ፐርሲግ በ1928 የተወለደው እዚሁ ሚኒያፖሊስ ነው። በ1968 ልጁን ክሪስን ከኋላ አስቀምጦ፣ 305 ሲሲ በሆነች ሆንዳ ከሚኒሶታ ተነስቶ እስከ ካሊፎርኒያ ነዳ፤ ከጉዞው የወጣውን መጽሐፍ 121 አሳታሚዎች ከመለሱት በኋላ በ1974 አሳተመው። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ለእኛ የሚጠቅም ጉዳይ አለ። የጉዞ ጓደኛው ቢኤምደብሊው መሪው እየላላ ሲያስቸግር ፐርሲግ ከቢራ ጣሳ ቁራጭ ላሜራ ቆርጦ እንዲሸጎጥበት ሐሳብ ያቀርባል፤ ጓደኛው ውድ የጀርመን ሞተሩ በቢራ ጣሳ መጠገኑ ያስቀይመዋል። ፐርሲግ ከዚህ ተነስቶ ሰዎች ከቴክኖሎጂ ጋር ስላላቸው ግንኙነት ረጅም ፍልስፍና ጽፏል። የባሕር ዳሩ መካኒክ ጣሳውን ያለ ፍልስፍና ይሸጉጠዋል።

ተጠኚው መጽሐፉን በመደርደሪያው ላይ ይዞታል፤ ከጋራዡ ሥራ የተነሳ ለማንበብ ጊዜ አላገኘም። ፐርሲግ ይጠግን የነበረው ለመንዳት ነው። በከተማው ያሉት ደቀ መዛሙርት የመጀመሪያውን ክፍል ጠብቀው ሁለተኛውን ትተዋል።

ምሽት ላይ ጋራዡ በሊቃውንት ይሞላል። ከሥራ የወጣ ሁሉ «እንዴት ሆነ?» እያለ ይገባል፤ ጃኬቱን ሳያወልቅ ማሞቂያው አጠገብ ይቆማል፤ ወዲያው አስተያየት ይሰጣል። አስተያየቶቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ችግሩ ካንዴላ ነው ይላል፤ ሌላው ካርቡራተር ነው ይላል። ካርቡራተሮቹ ማድ ቤት፣ ካንዴላዎቹ ቆርቆሮ ውስጥ መሆናቸው ክርክሩን አላቀዘቀዘውም። አጼ ዮሐንስ በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው የጊዜያቸውን ክርክር በንጉሥ ቃል ዘግተውት ነበር። የጋራዡ ጉባኤ ንጉሥ ስለሌለው እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ይዘልቅና ሁሉም መኪናውን ከጎዶሎው ወገን ወደ ሙሉው ሊያዛውር ሲወጣ ይበተናል። የካንዴላው ወገን መሪ ሞተር ነድቶ የማያውቅ ሰው ነው። ይህ ሥልጣኑን አልቀነሰበትም።

ከሀገር ቤት ያለው ግምት ሌላ ነው። ተጠኚው ሞተር ሳይክል መግዛቱን በስልክ ሲነግራቸው እናቱ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ መኪናው ተሸጠ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁት። አይፈረድባቸውም። እሳቸው በሚያውቁት ዓለም ሞተር መኪና ያላገኘ ሰው መሄጃ ነው፤ በ2019 ክረምት አዲስ አበባ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች በከለከለች ጊዜም የከተማው ምክንያት ከሞተር ላይ የሚፈጸመው ዝርፊያ ነበር። ልጃቸው ቆማ የምትውል ሞተር ለማሳመር ከደመወዙ እንደሚቆርጥ ለማስረዳት ሞክሯል። እናቱ በማግስቱ ለነፍስ አባታቸው ነገሩ።

ማሳመሩ ራሱ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው። በአማራ ክልል ከተሞች ሞተር ወይም ባጃጅ ማሳመር ማለት መጨመር ነው፦ የእመቤታችን ስዕል ይለጠፋል፣ የእግር ኳስ ቡድን ዓርማ ይከተላል፣ መቀመጫው በምንጣፍ ይለበጣል፣ ዘርፍ ይንጠለጠላል፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ ብረት ይበየዳል። በዚህ መጫኛ ላይ ሁለት ሰውና አንድ በግ ሲሄዱ ማየት ብርቅ አይደለም። ሚኒያፖሊስ ላይ ማሳመር ማለት መቀነስ ነው። የኋላው ሻሲ በመጋዝ ይቆረጣል። ፓራፋንጎ ይወልቃል። ረጅሙ መቀመጫ ወጥቶ አንድ ሰው ብቻ በጭንቅ የሚይዝ ይገባል። ማርሚታው ያጥራል፤ ድምፁ ይረዝማል። ይህ «ካፌ ሬሰር» የሚባለው ስልት በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በለንደን ኤስ ካፌን በመሰሉ ቡና ቤቶች ከሚሰባሰቡ ወጣቶች የመጣ ነው፤ ከቡና ቤቱ ተነስተው በፍጥነት ይወዳደሩ ነበር። አቦል ጠጥቶ ቶና ሳይቀዳ ተነስቶ መሮጥ በእኛ ዘንድ ነውር መሆኑ ተጠኚውን አላሳሰበውም። በረዶ ቀልጦ መንገዱ ጭቃ በሚሆንበት ከተማ ፓራፋንጎ ማውለቅም አላሳሰበውም። ባለቤቱ ብቻ አዲሱን መቀመጫ ለክታ «እኔ የት ነው የምቀመጠው?» ስትል ጠይቃለች። ጥያቄው ወደ ቀጣዩ ዓመት ተላልፏል።

ሕግም ለዚህ ሁሉ ድጋፍ ይሰጣል። በሚኒሶታ 20 ዓመት የሞላው ሞተር እንደ ስብስብ ዕቃ ብቻ የሚያዝ ከሆነ «ክላሲክ» ተብሎ ይመዘገባል። ቤንዚኑም ታስቦበታል፦ የግዛቲቱ ቤንዚን 10 በመቶ ኢታኖል እንዲኖረው ሕጉ ሲያዝ፣ ኢታኖል የሌለውን ለአሮጌ መኪና፣ ለሞተር ሳይክል፣ ለጀልባ፣ ለስኖውሞቢልና ለሣር ማጨጃ ፈቅዷል። የሞተር ሳይክል ወዳጆች ከሣር ማጨጃ ጋር በአንድ መስመር መጻፋቸውን በጸጋ ተቀብለውታል።

በማርች መጨረሻ አካባቢ በሴንት ፖል በስመ ጥሩው የሞተር ሠሪ በዶኒ ስሚዝ ስም የሚጠራ ዓመታዊ ትርኢት አለ። መንገዱ ገና ጨው እንደጠጣ ስለሆነ ብዙዎቹ ሞተሮች በተጎታች ይመጣሉ፤ ምንጣፍ ላይ ይቆማሉ፤ ሰው እየዞረ ያያቸዋል፤ በተጎታች ይመለሳሉ። ተጠኚው ከዚያ ሲመለስ ያለቀውን ሳልባትዮ እንደገና ፋቀው፤ ቀለሙ አላረካውም። የፐርሲግ ሆንዳ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ መሆኗን ስንነግረው በጥሞና አዳመጠ። ግማሽ አህጉር ያቋረጠች ሞተር የመጨረሻ ማዕረጓ መቆም ከሆነ፣ የእርሱ ሞተር ጉዞውን ዘልሎ ማዕረጉ ላይ ደርሷል።

ሞተሩ በሜይ ወር አንድ ቅዳሜ ተነሳ። አራቱም ሲሊንደር ሠርቷል። ጎረቤቶች ወጡ፤ የካርቡራተሩ ወገን ጨበጨበ። ተጠኚው ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ጥቂት ሰማና ቁልፉን መለሰ፤ የቫልቩ ድምፅ እንዳላማረው ተናገረ፤ ካቻቪቴውን አነሳ። የጃፓኑን።

ረቂቁ ከመታተሙ በፊት በሥርዓቱ መሠረት ለሁለት ገምጋሚዎች ተልኮ ነበር። የተጠኚው ባለቤት «ድስቱስ?» የሚል አንድ ቃል ጽፋ መልሳለች። ሁለተኛው ገምጋሚ የካንዴላው ወገን መሪ ነው። ጽሑፉን በሙሉ እንዳላነበበው ከገጾቹ ንጽሕና ያስታውቃል፤ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ግን በቀይ እስክርቢቶ «ካንዴላውን አይታችሁታል?» ብሎ ፈርሟል።