አባ ማፍና ሦስተኛው ጸሐፊ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ ማንኩሳ ላይ፣ አንዲት የማኅበር ተረኛ ጠላ ጠነሰሰች። ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ከፍኖተ ሰላም ገበያ ያመጣችውን ጌሾ ከጥቂት ብቅልና ከውሃ ጋር ጨምራ አፉን ከደነችው። በዚያ ጨለማ ውስጥ የእርሾ ሕዝብ ይኖር ነበር።

እያንዳንዷ እርሾ ቤት ናት፤ በቤቷም እልፍኝ አለ። በእልፍኙ ሦስት ጸሐፊዎች ከእናት ከወረደው መጽሐፍ ይገለብጣሉ። ሁለተኛው የፕሮቲን አሠራር ስለሚጽፍ ስሙ የገነነ ነው። የሦስተኛው ጽሑፍ ግን ሥራ ማዘዣ አይደለም፤ ተጽፎ ሲያልቅ ራሱ ተነሥቶ ተሸካሚ ይሆናል። ተሸካሚዎቹ፣ ሊቃውንት ቲአርኤንኤ የሚሏቸው፣ አሚኖ አሲድ ተሸክመው ፕሮቲን ወደሚገነባበት ያደርሳሉ። በመጽሐፉ ውስጥ የእነሱ ገጽ ከ270 ይበልጣል። ያለ እነሱ አንድም ግንባታ አይቆምም፤ እነሱን ማብዛት ግን ብዙ ስንቅ ይበላል።

በእልፍኙ ደጅ አባ ማፍ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ በሊቃውንት አጠራር ማፍ1። ስኳር ሲትረፈረፍ የቤቱ ሹማምንት የፎስፌት ማኅተም ይለጥፉባቸውና ውጭ ይቆማሉ። ስኳር ሲነጥፍ ማኅተሙ ይነሣል፤ ገብተው የሦስተኛውን ጸሐፊ እጅ ይይዛሉ። ይይዙታል እንጂ አይሰብሩትም፤ ከሥራቸው ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

አንዲት እርሾ ከጎኗ ልጅ አበቀለች። መጽሐፉ ለልጂቱ ሲገለበጥ በማፍ ገጽ ላይ ስህተት ገብቶ ኖሮ ልጂቱ ያለ ሽማግሌ ጎጆ ወጣች። ስኳሩ ሳለ ማንም ልብ አላለውም፤ እንዲያውም ተሸካሚዎቿ ከእናቷ ይበዙ ነበር።

«እማ፣ እኒያ ሽማግሌ ደጅሽ ቆመው ምን ይሠራሉ?»

«ይጠብቃሉ።»

«ምን?»

«ስንቅ የሚያልቅበትን ቀን ነዋ፣ ልጄ።»

ተረኛዋ ለድፍድፉ ዳጉሳ ልትሸምት ቡሬ ሄዳ ዘገየች። የጥንስሱ ስኳር አለቀ። ጋኑ ምድጃው ጥግ ነበርና ሙቀቱ 37 ዲግሪ ደረሰ። የቀረው እነሱው የጠመቁት አልኮል ነው። እሱም ይበላል፤ ግን ቤቱን እንደገና ማደራጀት ይጠይቃል።

በእናቲቱ ቤት አባ ማፍ ገቡ። «ብዕርህን አስቀምጥ» አሉት ጸሐፊውን።

«ገጹን ሳልጨርስ?»

«ቀለሙ ለነፍስ ማቆያ ይፈለጋል።»

ጸሐፊው ተወ። ቤቱ በአልኮሉ ቀስ እያለ መኖር ጀመረ።

ልጂቱ ቤት ጸሐፊው መጻፉን ቀጠለ። የሚከለክለው አልነበረማ! የሚሸከሙት ያጡ ተሸካሚዎች ጓዳውን ሁሉ ሞሉት፤ ለቀለም የሚወጣው የመጨረሻው ስንቅ ነበር።

«እማ፣ ሽማግሌሽን አውሺኝ!»

«እሳቸው እኮ ከኔ ቤት ወደ ሌላ ቤት አይሻገሩም» አለች እናቲቱ እያለቀሰች። ልጂቱ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቡቃያ እንኳ ማውጣት አቃታት።

ተረኛዋ ተመልሳ፣ የዳጉሳ ቂጣውን ጋግራ፣ ከብቅል ጋር ጋኑ ውስጥ ጨመረችው። ስኳሩ እንደ ደረሰ ሹማምንቱ ማኅተም ይዘው ወደ አባ ማፍ መጡ። ጸሐፊው ግን ፈርቶ ነበር።

«አባ፣ ትንሽ ይቆዩ እንጂ። ነገ ተመልሶ ቢጠፋስ?»

አባ ማፍ ማኅተሙን ተቀብለው ወደ ደጅ ወጡ። «ነገ ቢጠፋ ነገ እገባለሁ። አሁን ጻፍ!» አሉት።