አንድ ሳንቲም የጎደለው መቶ ሚሊዮን

የአሜሪካ ኮንግረስ በበጀት ሲጨቃጨቅ የመንግሥት ቢሮዎች እስከ መዘጋት ይደርሳሉ። መንግሥት ተከሶ ሲሸነፍ ወይም ሲታረቅ ግን ጭቅጭቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1956 የተቋቋመው የፍርድ ዕዳ መክፈያ ቋት ጣሪያ የለውም፤ በየክፍያውም ድምፅ አይሰጥበትም። የነበረችውን የ100 ሺህ ዶላር ገደብ በ1977 ያነሣት ራሱ ኮንግረሱ ነው፤ አደራ በሊታ አይባል ነገር፣ ቁልፉን ወዶ አስረክቧል።

በ2016 በአንድ የቆየ ክስ ዕርቅ ለኢራን 1.3 ቢሊዮን ዶላር ወለድ ከዚሁ ቋት ሲወጣ፣ ከክፍያዎቹ 13ቱ እያንዳንዳቸው 99,999,999 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበሩ። ለምን ቢሉ፣ የግምጃ ቤቱ የክፍያ ሥርዓት መቶ ሚሊዮን የሞላ ክፍያ አያሳልፍም ነበራ! እንደራሴዎቹ በበኩላቸው ቆይተው የጥያቄ ደብዳቤ ጻፉ።

ኮምፒውተሩ ቢያንስ በአንድ ሳንቲም ተከራክሯል። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሚጽፍ ተቆጣጣሪ ግን ለቅሶ ደራሽ እንጂ ዘበኛ አይደለም።